ያልተሰረቁት መኪኖች

የመንግሥት የመድን ተቆጣጣሪዋ ሎርና ሃውገን በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ወዳለች አንዲት ትንሽ ከተማ የመጣችው አንድ ሱቅ ለማስዘጋት ነበር።

የሱቁ ባለቤት ዴልበርት ሹልት የመኪና መሪ መቆለፊያ ይሸጣል። ከመቆለፊያው ጋር አንድ ወረቀት ይሰጣል፤ «ይህ ተገጥሞ ሳለ መኪናዎ ቢሰረቅ ካሳ እከፍላለሁ» የሚል። በግዛቱ ሕግ እንዲህ ያለ ዋስትና የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ መመዝገብ፣ ከጀርባው መድን ድርጅት እንዳለም ማስረዳት አለበት። ዴልበርት ለመመዝገብ ያመለከተው ስድስት ዓመት ከሸጠ በኋላ ነው።

ሎርናን ያስጠረጠራት ግን መዘግየቱ አልነበረም። በማመልከቻው ውስጥ «እስካሁን የተከፈለ ካሳ» በሚለው ቦታ ላይ «ምንም» ብሎ ጽፏል።

«በስድስት ዓመት አንድም መኪና አልተሰረቀም?» አለችው።

«አንድም።»

«ፖሊስ እኮ ባለፈው ዓመት ብቻ አሥራ አንድ ተሰርቋል ብሎኛል።»

«እነሱ ያኔ ደንበኞቼ አልነበሩማ። አሁን ናቸው።»

የሱቁን ስልክ የሚያነሱት የሰባ ሁለት ዓመቷ አክስቱ ቬርና ከጥግ ሆነው ሳቁ። «አትልፊ ልጄ፤ ይሄ ልጅ መዋሸት አልፈጠረበትም» አሏት።

ሎርና አልተዋጠላትም። ካሳ ጠይቀው በር የተዘጋባቸው ሰዎች እንደሚኖሩ እርግጠኛ ነበረች። የደንበኞቹን ዝርዝር ይዛ በየቤቱ ዞረች።

ኦርቪል ትቬት የሚባል የበቆሎ ገበሬ አጥሩን ተደግፎ አጫወታት። «ፒክአፔን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወሰዱብኝ። በሳምንቱ መቆለፊያውን ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ማን ዝር ብሎ!»

«የተወሰደችውስ?»

«በማግስቱ ከወንዙ ማዶ ቆማ ተገኘች። ለነገሩ አጥበዋታል።»

ዘጠኝ ቤት አንኳኳች። ዘጠኙም ዴልበርትን መረቁ። አንዷ ሴትዮማ እንዳይዘጉበት ለመኗት።

ከሰዓት በኋላ ስትመለስ አንገቷን ደፍታ ነበር። መኪናዋን ሱቁ ፊት ለፊት አቁማ ገባች፤ ወረቀቶቹንም ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ፊትሽ ገርጥቷል። ከቤት ኬክ ላምጣልሽ» ብለው ቬርና ብድግ አሉ።

ሎርና የመድን ውሉን መስመር በመስመር አነበበች። የዋስትናው ቃል ግልጽ ነው። አድራሻው፣ የኃላፊው ስም፣ ፊርማው፣ ሁሉም በቦታው አለ። የምትይዝበት ነገር አጣች።

«በክፉ ጠርጥሬዎት ነበር፤ ይቅርታ» አለችና ማኅተሙን መታች።

ዴልበርት እንደ ሕፃን ፈነደቀ። «ለእርስዎም አንድ ልግጠምልዎት?»

«አይሆንም። መኪናዋ የመሥሪያ ቤት ናት፤ ስጦታም አይፈቀድልንም።»

ቬርና ኬኩን ይዘው በእግራቸው ተመለሱ። ጉንጫቸው ቀልቷል፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሦስቱም በሉ፤ ሳቁ። ሎርና እንደ ዘመድ ተሰናብታቸው ወጣች።

ወዲያው ተመልሳ ደፉ ላይ ቆመች።

«መኪናዬ የለችም» አለች።

ዴልበርት ሹካውን አስቀመጠ። ወደ መስኮቱም ወደ ሎርናም አልዞረም።

«አክስቴ፣ የመንግሥት መኪና አይነካም ተባብለን አልነበር?»