ከመጋረጃው ወዲያ

ልጅ ሳለ እናቱ ደጃፍ ላይ ከአንድ መዝጋቢ ጋር ስትከራከር ሰምቶ ነበር። ከዚያ ሁሉ ንግግር ትዝ የሚለው «ቤቱንስ ቆጠሩት፤ እኛንስ?» ያለችው ብቻ ነው። ዛሬ የቤቶች ጥናት ቅጽ ይዞ በሰው ቤት ሜትር የዘረጋው እሱ ራሱ ሆነ።

«አንድ ክፍል፣ አምስት ሰው» አለ እየጻፈ።

«በፈጠረህ ሁለት በል!» የቤቱ እመቤት ሜትሩን በእግሯ ረገጠችው። «ለኑሮ አይበቃም ብለህ ልታስፈርስብን ነው?»

«እትዬ፣ መጋረጃ እኮ ግድግዳ አይሆንም። መመሪያው ነው።»

«መመሪያህ አምስት ሆኖ አድሮ ያውቃል?»

ሳቁ አመለጠው። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ቤቱን ለሁለት ወደ ከፈለው መጋረጃ ሄደች። ገልጣ ታሳየኛለች ብሎ ሲጠብቅ፣ ጨርቁ ፊት ቆመችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ልጄ፣ ልግባ?» አለች።

«ቆዪ እማዬ፣ ልብስ እየቀየርኩ ነው።»

እናት በገዛ ቤቷ እጇን አጣምራ ጠበቀች። የመጋረጃውን ጫፍ እንኳ አልነካችም። አጥኚውም እስክሪብቶውን ከቅጹ ላይ አንስቶ አብሯት ቆመ።

«በሉ እትዬ» አለ በመጨረሻ፣ «የሜትሩን ጫፍ እዚህ መጋረጃው ጋ ይያዙልኝ። ወዲያኛውን ክፍል ደግሞ ልጅቷ ግቡ ስትለን እንለካዋለን።»