የአባወራው ድጎማ

ዘርፌ ከመገናኛ አለፍ ብሎ ባለ የግብርና ቢሮ መስኮት ፊት ከአማቷ ጋር ቆማ ነበር። የገበሬዎች ድጎማ የሚከፈለው ለአባወራው ነው፤ ቢተው የተባለው ባሏ ደግሞ ጦር ሜዳ ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል።

«በሕይወት ካለ ራሱ መጥቶ ይውሰድ፤ ከሞተ ላንቺ ይከፈላል» አለ ሠራተኛው። «አለ ወይስ ሞቷል?»

የዘር ጊዜ እያለፈ ነበር። ዘርፌ ወደ አማቷ ዞር አለች። አማቷ የልጃቸውን ሞት በቤቱ ማንም እንዳያነሳ አስምለው ነበር።

«ይቅር እማማ፣ እንሂድ» አለች።

አሮጊቷ ክንዷን ጨብጠው አስቆሟት። «እናቱ ነኝ» አሉ ሠራተኛውን ትክ ብለው እያዩ። «ልጄ ሞቷል ብለህ ጻፍ።»

ከዚያም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። ከኋላ የተሰለፈ አንድ ገበሬ ባርኔጣውን አውልቆ «እግዜር ያጽናዎት» ሲላቸው፣ ዘርፌ እሪታዋን አቀለጠችው።