ያልደረቀው ደፍ

ይማም ቁጥር የተጻፈበትን ረጅም ዘንግ ከአዲሱ ቤቱ ደጃፍ አጠገብ ይዞ ቆሟል። ከአሶሳ የመጣችው የዩኒቨርሲቲ መምህርት ከማሽላው ማዶ፣ ከማንጎው ሥር ሆና በከፍታ መለኪያ መሣሪያዋ ታጮልቃለች። ካቻምና ጅረቱ ሞልቶ ማሳውን ሲውጠው፣ ውሃው የደረሰበትን ቦታ በማንጎው ግንድ ላይ በገጀራ ጭሮ ምልክት ያደረገው ራሱ ነበር። የቤቱ ደፍ ከዚያ ምልክት መብለጡን አሁን ልትነግረው ነው።

«ምን ልበልዎት፣ ጋሽ ይማም» አለች ቀና ብላ። «ከምልክቱ በስንዝር ዝቅ ይላል። ጅረቱ እንደ ካቻምናው ከሞላ፣ ውሃው ቤት ይገባል።»

ክረምቱ ሊገባ ሳምንት ነው የቀረው። ሚስቱ ዘይነባ ጭቃ የነካው እጇን ወደ ላይ ይዛ ከቤት ብቅ አለች። ዘንጉን አየች፣ እሱን አየች፣ ከዚያ በሳቅ ፈረሰች።

«አንተ ሰውዬ፣ ደፉ እዚህ ሆኖ ዘንጉን ከደጁ ሥር ያለው የጎርፍ ቦይ ውስጥ ትተክላለህ?»

«ጠዋት ደፉን ለቅልቀሽ አትርገጥብኝ ብለሽኝ የለ?» አለ እያፈረ። «መች ደረቀና!»

ዘይነባ ዘንጉን ነጥቃ እርጥቡ ደፍ መሃል ላይ አቆመችው። መምህርቷ እንደገና አጮለቀች። ከዚያ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ወረወረች።

«በሁለት ስንዝር ይበልጣል!»

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ይማም፤ ዘይነባም እልልታዋን አቀለጠችው። ዘንጉ ሲነሳ ጭቃው ላይ አራት ማዕዘን አሻራ ቀረ። ይማም በመዳፉ ሊያለሰልሰው ሲያጎነብስ እጁን መታችው።

«እንዳትነካው! እንዳለ ይድረቅ፤ ጎረቤት ሲመጣ ከጎርፉ በላይ መሆናችንን የማሳይበት ነው።»