የዘገየው ትዕዛዝ

ሰልዋ ሳጥኑን የገጠመችው መጋቢት መጀመሪያ ላይ ነው። ኮልፌ ካለው የፕላስቲክ ቱቦ ፋብሪካ ከተቀጠረች ገና ሁለተኛ ወሯ ስለነበር የሙከራ ጊዜዋ አላለቀም።

ሳጥኑ የጫማ ካርቶን ያህላል። ሥራው ማስተርጎም ነው። የመብራት ማከፋፈያ ጣቢያው ኮምፒውተሮች መልእክት የሚለዋወጡት በአንድ ደንብ ነው፤ የፋብሪካው ማሽኖች ደግሞ በሌላ። ከሰዓት በኋላ መስመሩ ሲጨናነቅ ጣቢያው «ጭነት ቀንሱ» ይላል። ፋብሪካው በሁለት ደቂቃ ውስጥ የፕላስቲክ መፍጫዎቹን ካቆመ፣ ቱቦ የሚያወጡት ማሽኖች ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ካላቆመ መስመሩ ሙሉ በሙሉ ይቆረጣል። ያኔ የቀለጠው ፕላስቲክ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ይደርቃል። ፈልፍሎ ለማውጣት ሦስት ቀን ይፈጃል።

ድሮ ከጣቢያው ሲደወል መፍጫዎቹን የሚያጠፉት ኤሌክትሪሺያኑ ጋሽ ይመር ነበሩ።

ሰልዋ ከራሷ ላፕቶፕ የሙከራ ትዕዛዝ ላከች። መፍጫዎቹ በአራት ሴኮንድ ቆሙ።

«ከአሁን በኋላ ሰው አያስፈልገውም» አለች ለባለቤቱ ለሐጂ አብደላ። «ጣቢያውና ፋብሪካው ራሳቸው ይነጋገራሉ።»

ጋሽ ይመር አጠገባቸው ቆመው ነበር። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ነው የቀራቸው።

በወሩ መጨረሻ ከጣቢያው ወረቀት መጣ። አስራ አንድ ትዕዛዝ ተሰጥቶ አስራ አንዱም ተፈጽሟል ይላል። ሐጂ ጮክ ብለው አነበቡት።

«ማሻአላህ! ሁለተኛው ፋብሪካዬ ላይም ሳጥኑን አንቺው ነሽ የምትገጥሚው።»

ሰልዋ ፈገግ አለች እንጂ ልቧ አላረፈም። ወረቀቱ ላይ እያንዳንዱ ትዕዛዝ በስንት ሴኮንድ እንደተፈጸመ ተጽፏል። አንዱ ሃምሳ፣ አንዱ ሰባ፣ አንዱ መቶ ስድስት። ማሽን እንዲህ አይዘገይም። ቢዘገይም ሁሌም እኩል ነው የሚዘገየው።

ጠዋት ከዓለም ባንክ ሰፈር በታክሲ ስትመጣ ወረቀቱን ታወጣለች፣ ታጥፋለች፣ መልሳ ታወጣለች። አንድ ቀን ወራጅ ማለቱን ረስታ ሁለት ፌርማታ አለፈች። ምሳ መብላት ተወች።

ከዚያ መጠበቅ ጀመረች። ስክሪኑ ላይ ጭነቱን የሚያሳየው መስመር ወረድ ባለ ቁጥር የመፍጫዎቹ ማጥፊያ ቦርድ ወዳለበት ክፍል ትሮጣለች። ሦስት ጊዜ ሮጣ ሦስቱንም ጊዜ ጋሽ ይመርን እዚያው አገኘቻቸው፤ ግንባራቸውን አልቧቸው፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«እዚህ ምን ይሠራሉ ጋሽ ይመር?»

«ሽቦ እያየሁ ነው ልጄ። ሞቋል።»

በሦስተኛው ጊዜ ሽቦውን ነካችው። ቀዝቃዛ ነበር።

ነገሩ ግልጽ ሆነላት። ሰውየው ሥራቸውን ሳጥኑ ወስዶባቸዋል። ቦርዱን እየነካኩ ትዕዛዙን ያዘገዩታል። አንድ ቀን ሁለት ደቂቃውን ያሳልፉትና መስመሩ ይቆረጣል፤ ያኔ ጥፋተኛው ሳጥኑ ነው፣ የገጠመችውም እሷ ናት።

ለሐጂ ነገረቻቸው። ሐጂ ጺማቸውን እያሻሹ ጋሽ ይመርን አስጠሩ።

«ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል» አሏቸው። «እውነቱን ንገረኝ ይመር። ቦርዱን ትነካለህ?»

ጋሽ ይመር ወደ ሰልዋ ዞሩ። «ልጄ፣ ለብቻችን አንዴ ላናግርሽ።»

«የሚናገሩት ካለ ሐጂ ፊት ይናገሩት።»

ጋሽ ይመር ሐጂን አዩ። ከዚያ መሬት መሬት አዩ።

«እነካለሁ» አሉ።

«ለምን?»

ሐጂ ሁለተኛ ጠየቁ።

ጋሽ ይመር የቦርዱን ክፍል ቁልፍ አስረከቡ። ጉዳዩ እስኪጣራ ቤታቸው እንዲቀመጡ ተነገራቸው። ሰልዋ እስከ ግቢው በር ተከተለቻቸው፤ ለምን እንደተከተለቻቸው እሷም አታውቅም። ጥበቃው አጠገብ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ሳጥኑን ደግመሽ ፈትሺው» አሏት ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሰልዋ ደሟ ፈላ። «ሳጥኑ ምንም አልሆነም!»

በማግስቱ ከስክሪኑ ፊት አልተነሳችም። ዛሬ አራት ሴኮንድ እንደምታይ እርግጠኛ ነበረች። ሆኖም እግሯ ጠረጴዛው ሥር መወዛወዙን አልተወም።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኳ ጠራ። ጋሽ ይመር ናቸው። ሊለምኑኝ ነው ብላ ድምፁን አጠፋችው። ወዲያው ደግመው ደወሉ። ስልኩን በፊቱ ደፋችው። ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ለሦስተኛ ጊዜ ጠራ፤ አላነሳችውም።

መብራቱ ጠፋ።

የማሽኖቹ ድምፅ አንድ ላይ ሞተ። መጀመሪያ ጸጥታ፣ ቀጥሎ ከአዳራሹ የሠራተኞች ጩኸት፣ ቀጥሎ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ። ሐጂ በረንዳው ላይ ወጥተው ቆሙ። ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

ሰልዋ ወደ ጣቢያው ደወለች። ተረኛው ሞቲ የሚባል ሰው ነው። እስከዛሬ አናግራው አታውቅም።

«ለምን ቆረጣችሁን? ትዕዛዝ እንኳ ሳትልኩ!»

«ልከናል እንጂ! ሁለት ደቂቃ ሙሉ ጠብቀናል።»

«ሳጥኑ ጋ ምንም አልደረሰም። እስከ ትናንት ድረስ እኮ ይደርስ ነበር! አስራ አንዱም ተፈጽሟል፤ ወረቀቱንም የላካችሁት ራሳችሁ ናችሁ።»

ሞቲ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እህቴ፣ ሳጥኑማ ከተገጠመ ጀምሮ የእኛን መልእክት አንድ ቀንም አንብቦ አያውቅም፤ ጋሽ ይመር ናቸው ‹ልጅቷን ከሥራ ያስወጧታል፣ እስክታስተካክለው ለማንም አትናገር፣ በስልክ ንገረኝና እኔ ሮጬ አጠፋዋለሁ› ብለው የለመኑኝ። ዛሬም ለእሳቸው ነው የደወልኩት።»