ከጓሮው እንሰት ሥር

ጣሊያን ቡታጅራን ከያዘ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። አርበኞቹ ከተማዋን ከበው ዘቢዳር ተራራ ላይ ሰፍረዋል፤ ጥይት ግን አልቆባቸዋል። ነገ ጎህ ሲቀድ ምሽጉን ካልመቱ፣ በወልቂጤ በኩል የሚመጣው የጠላት ደራሽ ጦር መሐል ያስገባቸዋል።

ጥይቱን እንዲያመጣ የተላከው ፈቃደ ነበር። በአቅራቢያዋ ከተማ በቡኢ ያስተምር የነበረ የጎንደር ሰው ነው። ጥይቱን ከተማ ውስጥ የደበቀችው የጓዱ የሸረፋ ሚስት ሳፊያ ናት። ፈቃደ አይቷት አያውቅም።

«በምን አውቃታለሁ?» ብሎ ሸረፋን ጠየቀው።

ሸረፋ ሳቀ። «በምላሷ! ገና ሰላም ሳትላት ሙልጭ አድርጋ ትሰድብሃለች። ካላመንክ ግራ እጇን እይ፤ እንሰት ስትፍቅ ትንሿን ጣቷን ቆርጣዋለች።»

ከተማ ገብቶ የሸረፋን ቤት ሲያንኳኳ፣ በሩን የከፈተችለት ሴት ግራ እጇን በጨርቅ ጠቅልላለች።

«ግባ ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ» አለችው በትሕትና። «ሸረፋ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። እጅሽን ምን ሆንሽ?»

«እሳት ፈጀኝ።»

ጨርቁን ፍቺ ማለት አሳፈረው። ደግሞም የሸረፋን ስም ቀድማ ጠርታለች።

«ጥይቱስ?»

«ከጓሮ ነው፤ ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ።» ዶማ አቀበለችው። «በዚህ እጄ መቆፈር አልችልም። አንተ ቆፍር፤ እኔ ደጁን እጠብቃለሁ። ከማሉ ከሚባለው ጎረቤት ግን ተጠንቀቅ፤ የጣሊያን ጆሮ ጠቢ ነው። ድምፅ ካሰማ እንዳትምረው።»

ፈቃደ እንሰቶቹ መሐል ገብቶ ዶማውን ሲያነሣ የአንድ ሽማግሌ ራስ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለ።

«አንተ! ምን ልትሠራ ነው?»

«ዝም በል!»

«ያረቢ! ወንድ ልጅ የቆጮ ጉድጓድ ሲከፍት በየት አገር ታየ? ሳፊያ ብታይህ በዚሁ ዶማ ነበር የምትልህ!»

ፈቃደ ሽጉጡን መዘዘ። ሽማግሌው አፉን ያዘ፤ ዓይኑን ግን ከጉድጓዱ አልነቀለም። ፈቃደ ጣቱን ቃታው ላይ አሳረፈ፤ ግን ሽበት ላይ መተኮስ አቃተው።

ይኼኔ በደጁ በኩል ባለ ጫማ ሰዎች ሲሮጡ ተሰማ። «ሽማግሌው አስይዞኛል» አለ በልቡ። ተራራ ላይ ያሉት ጓዶቹ ትዝ አሉት። ሽጉጡን ታጥቆ በጥድፊያ ቆፈረ። አፈሩ ልል ነው፤ ዶማው ያለ ችግር ወደ ውስጥ ይገባል።

የላይኛውን የእንሰት ቅጠል ሲገልጥ የሴት ግራ እጅ ወጣ፤ ትንሿ ጣት የለችውም።