የሐሙስ ጡሩምባ

የእድሩ ነፊ ሰጠኝ ጎንደር ላይ ጡሩምባ ሲነፋ አምባ ጊዮርጊስ ላይ የሚያርስ በሬ ቀንበሩን ጥሎ ይቆማል። ማጋነን ነው የሚል ካለ ሄዶ በሬውን ይጠይቅ።

ያም ሆነ ይህ፣ ጡሩምባው ተነፍቶ ከቤቱ የቀረ የእድር አባል ታይቶ አይታወቅም። አካፋና ዶማውን ተሸክሞ ወርካው ሥር ከች ይላል። የማዘጋጃ ቤት አዋጅ ሲነገር ግን ያው ሰው ወገቡን ያመዋል፣ ጥርሱን ያመዋል፤ የዛሬ ሦስት ዓመት የዳነ ቁስሉ ሳይቀር ያመረቅዛል።

ጣሊያን ከወጣ አሥር ዓመት አልፎታል። የመንገድ ሥራው ሹም አቶ ወርቅአፈራሁ ከፒያሳ ወደ ቀሃ ወንዝ የሚወርድ የጎርፍ ቦይ ማስቆፈር ነበረባቸው። ሐሙስ ከአዲስ አበባ እንግዳ ይመጣል፤ ሕዝብና ማዘጋጃ ቤት ተባብረው ሲሠሩ በዓይኑ ያያል ተብሏል። ሹሙ ሦስት ጊዜ አዋጅ አስነገሩ። የመጡት ሁለት ሰዎችና አንድ አህያ ናቸው፤ አህያውም ለራሱ ጉዳይ ነበር።

ማክሰኞ የእድሩን ዳኛ፣ አያ ሐብተ ማርያምን፣ አስጠሯቸው። የእድሩ የፈቃድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ አልተፈረመም።

«ጡሩምባችሁን ለአንድ ጠዋት አበድሩኝ» አሉ ሹሙ።

«ጌታዬ፣ ጡሩምባው የሬሳ ነው።»

«ለልማት ቢነፋ ምን ይለዋል?»

«ዛሬ ለቦይ ከተነፋ ነገ ለሬሳ ማን ይወጣል?» አሉ አያ ሐብተ ማርያም። «ሕጋችን ነው ጌታዬ። ያለ ሬሳ የነፋ ከነቤተሰቡ ይሰረዛል። ቢሞት ቀባሪ የለውም።»

ሹሙ ብዕራቸውን ከደኑ። «እንግዲያው ነፊውን ራሱን አነጋግረዋለሁ።»

ይህች ቃል አያ ሐብተ ማርያምን አሳሰበቻቸው። ሰጠኝ ከጭልጋ መጥቶ ጎንደር የቀረ ሰው ነው። እሱና የዓለምወርቅ የምትባል ሚስቱ ልጅ የላቸው፣ ዘመድ የላቸው፤ ቀባሪያቸው እድሩ ብቻ ነው። ደግሞ ሰውየው ቀልደኛ ነው፤ ሰው ይሳቅለት እንጂ የገዛ ጥርሱን ያስነቅላል።

ረቡዕ ጠርተው ጠየቁት። «ሹሙ ምን አሉህ?»

«ካልነፋህ ወህኒ ቤት ገብተህ ትነፋለህ አሉኝ።»

«አንተስ?»

«እዚያስ ለማን እነፋለሁ፣ ሁሉም ተሰብስቦ የለ! አልኳቸው።»

«ሰጠኝ፣ አትቀልድብኝ። ብትነፋ በገዛ እጄ ነው የምሰርዝህ። ገብርኤልን!»

ሰጠኝ ፈገግታውን ዋጥ አደረገ። «አያ፣ እኔ ያለ ሬሳ አልነፋም።»

ሐሙስ ጠዋት ጡሩምባው ተነፋ።

አያ ሐብተ ማርያም ደማቸው ፈላ። ዱላቸውን አንስተው ወደ ወርካው ገሰገሱ። በእድሩ ወግ የሟች ስም በጡሩምባ አይጠራም፤ ዘመድ መንገድ ላይ ሰምቶ እንዳይወድቅ ነፊው ለዳኛው በጆሮው ይነግረዋል፣ ዳኛውም ያረዳል። ዛሬ ግን ወርካው ሥር ቀድመው የቆሙት አቶ ወርቅአፈራሁ ናቸው። ከጎናቸው ባርኔጣ የደፋ እንግዳና አራት ባለጠመንጃ ዘበኞች አሉ።

ሰጠኝ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል።

«እዩልኝ፣ ውሸቱን እንኳ አሳምሮ ነው የሚዋሸው!» አለ ከአባላቱ አንዱ፣ አላምረው።

ሰጠኝ ዳኛውን ሲያይ ተንደረደረ። «አያ፣ ልንገርዎ—»

«አበጀህ ሰጠኝ!» ብለው ሹሙ ክንዱን አፈፍ አደረጉት። ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው፣ «እንግዳው ፊት አንዲት ቃል ብትተነፍስ የእድራችሁ ወረቀት ይቀደዳል» አሉት። አያ ሐብተ ማርያም ሰሙ። ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም።

ሰዉ ጠመንጃውን አየ፣ ያልተፈረመውን የእድሩን ወረቀት አሰበ፣ ቁፋሮውን ጀመረ።

«ምነው፣ ይሄ መቃብር መቶ ክንድ ሆነ?» አለ አላምረው። «የሞተው ዘንዶ ነው እንዴ?»

ሌላ ቀን ቢሆን ከሁሉ ቀድሞ የሚስቀው ሰጠኝ ነበር። ዛሬ በሁለት ዘበኞች መሐል ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

«አያ! እባክዎ፣ አንዴ ብቻ ይስሙኝ!» ብሎ ጮኸ። ዘበኛው በሰደፍ ገፋው። አያ ሐብተ ማርያም ፊታቸውን አዞሩ። ከነፉ በኋላ ይቅርታ፣ ከፈሰሰ በኋላ ውሃ!

«ምነው፣ የዓለምወርቅ አልመጣችም?» አለች ለቆፋሪ ውሃ የምታድለው ሸዋገነት። «ቀብር ላይ ቀርታ አታውቅም።»

«የባሏ ሥራ አሳፍሯት ነዋ!» አለች ታየች።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ቦዩ አለቀ። እንዲህ ፈጥኖ የተቆፈረ ቦይ ከጎንደር እስከ ምጽዋ የለም። እንግዳው ሕዝቡን አመሰገነ፤ ሹሙ ወረቀቱን እዚያው ጉልበታቸው ላይ ፈርመው ሰጡ። የእንግዳው መኪና አቧራዋን አስነስታ ሄደች፣ ዘበኞቹም ተከተሉ።

አያ ሐብተ ማርያም ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ሰዉ ዶማውን እንደያዘ ሰጠኝን ከበበው።

«ይሰረዝ!» አለ አላምረው።

«ከነሚስቱ ይሰረዝ!» አለች ታየች። «ነገ እኛም ስንሞት ጡሩምባውን ማን ያምናል?»

አያ ሐብተ ማርያም ዱላቸውን ከፍ አደረጉ። ሰጠኝን ይወዱት ነበር።

«ሕጉን ታውቃለህ» አሉት። «አንድ ጊዜ እጠይቅሃለሁ፤ ከዚያ ስምህን እሰርዛለሁ። ሬሳው የታለ?»

«የዓለምወርቅ ናት፣ አያ» አለ ሰጠኝ፤ «ጎህ ሲቀድ አረፈች፣ እስካሁን ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት።»