የበር ጀርባው ነጠላ

በጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ጀርባ፣ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለው ባለ አረንጓዴ ጥለት ነጠላ ከዛሬ ጀምሮ የሕዝብ ንብረት መሆኑን ጓድ ቦጋለ በይፋ አወጀ። የሆስፒታሉ ካድሬ ነውና ቆቡን አስተካክሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ነው ያወጀው። አዋጁን የሰሙት ሲስተር የዓለምወርቅና ባሏን ልትጠይቅ የመጣችው ሙሉእመቤት ብቻ ነበሩ።

«ቀስ ይበሉ ጓድ» አለች ሲስተር በሹክሹክታ። «በሽተኛው ድምፅ አይችሉም።»

ነጠላውን ከሽሮ ሜዳ የገዛችው ሲስተር ራሷ ናት። በዚያን ዘመን ከል ሳይለብስ የሚመጣ ጠያቂ እየጠፋ ሄደ። ጥቁር ለብሶ «ቤቱ ሁሉ ደኅና ነው» የሚል ሰው ደግሞ በሽተኛን አያጽናናም። ስለዚህ ጠያቂው ጥቁሩን ሚስማሩ ላይ ይሰቅላል፤ ነጩን ይለብሳል፤ ገብቶ ይዋሻል፤ ሲወጣ ይመልሳል። ነጠላው የሚያርፈው ሲታጠብ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ሲስተር ስትተኩሰው ካውያው ትከሻው ላይ የብርቱካን ቅጠል የሚያህል ቡናማ ጠባሳ ጣለበት።

«እትዬ ሙሉእመቤት፣ ይስሙኝ» አለች ሲስተር። «መንጋጋ ቆልፍ ድንጋጤ አይወድም። ከደነገጡ ሰውነታቸው እንደ ቀስት ይደገናል፤ ትንፋሻቸው ይቆማል። እንባ የለም። ስለ ልጅዎ ስለ ዓምሃ ከጠየቁዎት ደኅና ነው።»

«አፉ ተቆልፎ በምን ይጠይቀኛል?»

«እጃቸው ደኅና ነው። በእጃቸው።»

ባሏ ታረቀኝ ዊንጌት አካባቢ ጎሚስታ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከሰው ጎማ ሚስማር ሲነቅል ኖሮ አንዱ ሚስማር በጫማው ዘልቆ እግሩን ወጋው። ሰፈሩ በዚህ ስቆ ሳይጨርስ መንጋጋው ተቆለፈ። እሱ ሆስፒታል ከገባ በኋላ ነው ሽማግሌዎች ገና ሳይነጋ የሙሉእመቤትን በር ያንኳኩት። አንድ ልጃቸው ዓምሃ፣ ለብሔራዊ ውትድርና እንደሄደ ሰሜን ላይ ቀርቷል። ድንኳን አልተተከለም። አባትየው ይዳን ተባለ።

«ከግንባር የሚመጣው ድል ብቻ መሆኑን ይንገሩት» አለ ጓድ ቦጋለ። «ሞራሉ ይገነባል።»

ሙሉእመቤት ከቆቡ እስከ ጫማው አየችው። «እውነትህን ነው ልጄ። ሬዲዮኑስ ደኅና ነው።»

ጥቁሩን ሰቅላ ነጩን ደረበች። እጇ ለምዶባት ጥለቱን ወደ አንገቷ አዘቀዘቀችው፣ እንደ ሐዘንተኛ። ሲስተር ገልብጣ ጥለቱን ወደ ታች መለሰችላት። በሩንም በጣቷ ጫፍ ገፋችው።

መጋረጃው ተዘግቷል። የኦክስጅኑ ጠርሙስ ብቻ ይተነፍሳል። ከታረቀኝ ጎን ያለው አልጋ የለሜሳ ነበር፤ አሁን ባዶ ነው። የለሜሳ እናት ያንኑ ነጠላ ለብሳ «ወንድምህ ደኅና ነው» ስትለው ሰነበተች። ተሽሎት ወደ ዋናው ክፍል በተዛወረ ማግስት የወንድሙን መርዶ ነገሩት። ጩኸቱ ግድግዳውን ዘልቆ መጥቶ ታረቀኝን ደገነው። ሲስተር በመከራ ነው የመለሰችው።

እናትየዋ በመጣች ቁጥር ታረቀኝ ዓይኑን ከነጠላው እንደማይነቅል ሲስተር አስተውላ ነበር። ቀለም ናፍቆት ነው ብላ አለፈችው።

አሁን በአንድ እጇ የደም ሥሩን ይዛለች። በሌላው የማስታገሻ መርፌ።

«እንዴት ዋልክ የኔ ጌታ?» አለች ሙሉእመቤት።

ታረቀኝ እጁን ቀስ ብሎ አነሣና ግንባሩ ላይ አደረገ። የወታደር ሰላምታ።

«ዓምሃ? ደኅና ነው። ሰላም በሉልኝ ብሏል።» «ወፍሯል አሉ።» ይህቺን ማንም አላዘዛትም፤ ከራሷ ጨመረቻት።

«ድል በድል ነው» አለ ጓድ ቦጋለ ከበሩ ላይ በሹክሹክታ።

የደም ሥሩ በሲስተር ጣት ሥር ይጋልብ ጀመር። የታረቀኝ ዓይን ሚስቱ ፊት ላይ አልነበረም። ትከሻዋ ላይ፣ ቡናማው ጠባሳ ላይ ቀርቶ ነበር። ሲስተር ዓይኑን ተከትላ ጠባሳውን አየች። ያን ጊዜ ገባት፤ የለሜሳ እናት ለብሳ የዋሸችበት ነጠላ ነው። መርፌውን ወደ ክንዱ አስጠጋች።

እጁ ከግንባሩ ወረደ። ጠባሳውን በጣቱ ነካው። ከዚያ ወደ ታች ወርዶ አረንጓዴውን ጥለት ፈለገ፤ አገኘው። እየጎተተ፣ በደረቷ ላይ አሳልፎ፣ እስከ አንገቷ ድረስ አመጣው። አዘቀዘቀላት።

ሙሉእመቤት ከንፈሯን ነከሰች። ሲስተር መደገኑን ጠበቀች። አልተደገነም። ካድሬው ቆቡን አውልቆ፣ በሩ እንዳይጮህ በሁለት እጁ ይዞ ከውጭ ዘጋው።

ታረቀኝ ጥለቱን አለቀቀም። ጎማ ላይ የተለጠፈ ቁራጭ እስኪይዝ እንደሚጠብቅ ሰው፣ አንገቷ ሥር በአውራ ጣቱ ተጭኖ ያዘው።